ከከተማ ሳይርቁ በገጠር መኖር፤ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ምሳሌ

ከከተማ ወጥቶ በገጠር መኖር፥ ነገር ግን ከከተማ አለመራቅ፥ ብዙ ሰው የሚመኘው ኑሮ ነው። በኮሌጃችን ግቢ በመመረቂያቸው ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎች ስለ ወደፊት ኑሯቸው ሲነጋገሩ፥ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ አስልተው ሲያበቁ፥ አንዱ «ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ብዙ ሳልርቅ አንድ የገጠር ወረዳ ገብቼ፥ ትንሽ መሬት ይዤ፥ ንብና ዶሮ እያረባሁ ብኖር ይሻለኛል» ሳይል አይቀርም። ሌሎቹም ይስማማሉ። ወሬው ግን ከዚያ አያልፍም።

ይህ ጽሑፍ ያን ምኞት ለመንቀፍ ወይም ለማመስገን የተጻፈ አይደለም። ዓላማው ምኞቱ በውስጡ የያዛቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለይቶ ለማስረዳት ነው። አንደኛ፥ አንድ የገጠር ስፍራ ለከተማ ቅርብ ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው? ሁለተኛ፥ ከውጭ የመጣ ሰው በዚያ ስፍራ እግሩን የሚተክለው በምን መብት ነው? ሦስተኛ፥ እርሱ ሲገባ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ለምሳሌ የመረጥሁት ደብረ ታቦርንና የደቡብ ጎንደርን ደጋ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ዘመዶቼ የሚኖሩበት አገር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከትልቅ ከተማ ወደ ገጠር የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሰፈሩበት በመሆኑ ነው።

ሀ. ስፍራው

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በስተ ምሥራቋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው፥ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው፥ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ መንገደኛ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ውርጫም አገር ተነሥቶ፥ ጤፍ የሚዘራበትን ወይና ደጋ አልፎ፥ ሩዝ ከሚታጨድበት ሜዳ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ከደብረ ታቦር ቍልቍል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ ወረታ ይገኛል። ከወረታ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር፥ ወደ ሰሜን ጎንደር ይኬዳል። በመኪና መንገድ ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፥ እስከ ጎንደር ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2 ሚሊዮን ከ50 ሺህ ያህል ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 10 አይሞላም ነበር። እንግዲህ ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው፥ ይህ አገር በሁለት ታላላቅ ከተሞች መካከል የሚገኝ ሰፊ ገጠር ነው። የተመራቂው ምኞት በካርታው ላይ የሚሞላ ይመስላል።

ለ. መሳፍንቱ ከጎንደር ሲወጡ

ወደዚህ ደጋ የፈለሱት የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ የከተማ ሰዎች መሳፍንት ናቸው። ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተቈረቈረች በኋላ የነገሥታት መናገሻ ሆና ኖረች። በዘመነ መሳፍንት ግን ሥልጣኑ ከንጉሡ እጅ ወጥቶ በየጁ ራሶች እጅ ገባ። ከእነርሱም አንዱ ራስ ጉግሣ፥ በ1817 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ በጌምድርን ሲገዙ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አደረጉ። ስም ብቻ የቀረው ንጉሥ በጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። የሚያዝዘው ሰው ግን በገጠር ጋራ ላይ ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት፥ የሊቃውንትና የነጋዴዎች ከተማ ናት፤ ብዙ ሠራዊትና የጭነት ከብት አስፍሮ ለሚኖር ገዥ ግን ጠባብ ናት። ደብረ ታቦር በአንጻሩ በእህል ሰጪ አገር መካከል ናት። ከዚያ ሆኖ ወደ ጎጃም፥ ወደ የጁና ወደ ስሜን የሚወስዱትን መንገዶች መጠበቅ ይቻላል። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የይፋግ ገበያም በዚያ ዘመን በጨውና በከብት ንግዱ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ራሱ ከከተማው ወጣ እንጂ ከከተማው ጥቅም አልራቀም። ለበቅሎ ተቀማጭ የጥቂት ቀን መንገድ «ቅርብ» ነበር።

ይህ ቅርበት ግን ለባላገሩ በነጻ የመጣ አይደለም። የሰፈረው ሠራዊት ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ የተዋጉትም በደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ ደብረ ታቦር ሆነች። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ግን እርሳቸው ራሳቸው ከተማዪቱን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። መሳፍንቱ መጥተው ሄዱ፤ የከተማዪቱን ልማትም ጥፋትም በቅርብ ሆኖ የተቀበለው የዚያው አገር ገበሬ ነው።

ሐ. የጋፋት መንደር

ከመሳፍንቱ ይልቅ ለዛሬው ተመራቂ የሚቀርበው ምሳሌ ጋፋት ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የገጠር ስፍራ ናት። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፥ በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተማሩ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለ ሙያዎችን በጋፋት አሰፈሯቸው። ቫልድማየርና ዛልሙለር የተባሉት፥ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳቸውን ልጆች አግብተው ጎጆ ወጡ። በመንደሪቱ የአገር ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ተከፈተ።

እነዚህ ሰዎች ከከተማ ሳይርቁ በገጠር ለመኖር የበቁት ለምንድር ነው? መሬት ገዝተው አይደለም፤ በዘርም ርስት የሚያገኙበት ምክንያት አልነበራቸውም። የያዟቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነርሱም በእጃቸው ያለው ሙያና የንጉሡ ፈቃድ ናቸው። ፈቃዱም ዋጋውን አስከተለ። ንጉሡ ከመንገድና ከሠረገላ ሥራ አልፈው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በጋፋት ተሠራ። ያን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ፥ መንገድ እየጠረገ፥ ስድስት ወር ገደማ ተጓዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ባለ ሙያዎቹ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋት ማኅበርም በዚያው ፈረሰ።

ሙያቸው እንዲገቡ አስችሏቸዋል። እንዲቀሩ የሚያስችል መሠረት ግን አልነበራቸውም፤ የቆሙበት መሬት በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበርና።

መ. ተራው ሰው እንዴት ይገባ ነበር?

ንጉሥ ያላሰፈረው ተራ ሰው በበጌምድር ገጠር ለመኖር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም «አባትህ ማን ነው?» የሚል ነው። የርስት መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ዘርን በመቍጠር ነው። ቈጠራውም በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ነበር። ከዚህም የተነሣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፥ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከዚያ አገር የተወለደች መሆኗን ካስረዳ፥ ዘመዶቹን ተከራክሮ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ዘር መቍጠር ያልቻለ ደግሞ ባለርስት ሚስት ያገባል፤ ወይም የሰው መሬት ተጠግቶ በእኩል ወይም በሲሶ ያርሳል።

ይህም በር የተዘጋባቸው ነበሩ። ቤተ እስራኤል ብረት እየቀጠቀጡ፥ ሸክላ እየሠሩ፥ ሸማ እየሠሩ በጎንደር ዙሪያና በበጌምድር ሲኖሩ ርስት ተከልክለው ነበር፤ ስለዚህ በሰው መሬት ላይ እየተጠጉ፥ ገበያና ከተማ ሳይርቁ፥ በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ማረሻውን ለገበሬው የሚሠራለት ሰው የሚያርሰው መሬት የለውም ማለት ነው። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙያ ብቻውን ሥር ሊሆን አለመቻሉን ከጋፋት ይልቅ የእነርሱ ታሪክ አብልጦ ያስረዳል።

ሠ. የዛሬው ሕግ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስቱንም ጭሰኝነቱንም ሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የአማራ ክልልም የገጠር መሬት አስተዳደርን በዐዋጅ ቍጥር 133/1998፥ ኋላም በዐዋጅ ቍጥር 252/2009 ወስኗል። በእነዚህ ሕጎች መሠረት አርሶ አደሩ የይዞታ ደብተር ይሰጠዋል፤ መሬቱን በተወሰነ ደንብ ማከራየት፥ ማውረስና መስጠት ይችላል። መሸጥ ግን አይችልም።

እንግዲህ «ትንሽ መሬት ይዤ» የሚለው ተመራቂ ቃሉን መመርመር አለበት። የእርሻ መሬት በገንዘብ አይገዛም። ለአዲስ ሰው የተከፈተው በር፥ አንድም በጽሑፍ ውል ከባለ ይዞታው መከራየት ነው፤ አንድም በከተማው ወሰን ውስጥ በሊዝ ቦታ መያዝ ነው። ከእነዚህ ውጭ በከተማ ዳር ከገበሬው ላይ በሽምግልና ተዋውሎ ቤት የሚሠራ ሰው አለ። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ቤት «የጨረቃ ቤት» ይለዋል፤ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድር ነውና። የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ገዢው ገንዘቡን ያጣል። ገበሬው ግን አስቀድሞ መሬቱን አጥቷል፤ የተቀበለውም ገንዘብ ለልጆቹ የሚወርስ ሀብት ሆኖ አይቈይም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ ብዙ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው ከወላጆቹ ድርሻ ተከፍሎለት ነው። የጉና ተረተር ማሳዎች በየትውልዱ እየጠበቡ የሄዱት ስለዚህ ነው። ስለሆነም የከተማው ተመራቂ ሊገባበት የሚመኘው ስፍራ፥ በእርሱ ዕድሜ ያለው የገበሬ ልጅ መሬት አጥቶ የሚወጣበት ስፍራ ነው። ሁለቱ በወረታ አውቶቡስ መናኸሪያ ይተላለፋሉ።

ረ. መንገዱ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቅርበት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦር በመሳፍንት ዘመን የመንገዶች ማእከል ስለነበረች ለሁሉ ቅርብ ነበረች። ዐፄ ዮሐንስም በየጊዜው ይቀመጡባት ነበር፤ የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌም በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት እስከ ሞቱ ድረስ ከዚያ ሆነው ያስተዳድሩ ነበር። ኢጣልያኖች ግን ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጉ። ከድል በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ጎንደር ሆነች። ዋናው የጎንደርና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ከተራራው በታች በሜዳው አልፎ ሄደ። ደብረ ታቦር ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ ሩቅ ሆነች።

ኋላ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ከወረታ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ እንደ ገና አቀረባት። በ1955 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ተቋም የተከፈተላት ባሕር ዳርም እያደገች ሄዳ የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች። የመንገዱ መገናኛ ወረታ የሜዳው የሩዝ ገበያ ሆነች፤ ሩዝ ከ1970ዎቹ ዓመታት አካባቢ ጀምሮ በሰሜን ኮሪያ ባለ ሙያዎች እርዳታ በፎገራ የተስፋፋ እህል ነው። ደብረ ታቦርም በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አገኘች።

ነገር ግን መንገድ የሚያቀርበውን ያህል ሲዘጋ ያርቃል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር በመጣ ጊዜ፥ ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ፥ 100 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ታይቷል። ለታመመ ሰው፥ ለነፍሰ ጡር ሴትና ማዳበሪያ ለሚጠብቅ ገበሬ ቅርበት ማለት የሰላም ሌላ ስሙ ነው።

በሌላ አገርም ጥያቄው ተነሥቷል። እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሐዋርድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የከተማንና የገጠርን ጥቅም አንድ ላይ የሚያስገኙ «የአትክልት ከተሞች» እንዲመሠረቱ ሐሳብ አቀረበ። በ1903 ከለንደን በስተ ሰሜን ሌችዎርዝ የተባለችው የመጀመሪያዋ ተጀመረች። ብዙ ሰው ከሐሳቡ ውስጥ የሚያስታውሰው ዛፉንና የባቡሩን ሐዲድ ነው። ሐዋርድ ግን አጥብቆ ያሰበበት መሬቱ የማን ይሁን የሚለውን ነው። መሬቱ በማኅበሩ ስም ተይዞ፥ ከኪራዩ የሚገኘው ትርፍ ለነዋሪው ጥቅም እንዲመለስ ፈልጎ ነበር። የእኛም አገር ሰው ወደ ገጠር ከመግባቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ነው።

ሰ. ዛሬ የሚፈልሰው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። አክስቴ በጉና ሥር የምትኖር ገበሬ ናት። ልጆቿ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ በከተማው አንዲት ክፍል ቤት ተከራየችላቸው፤ እርሷም ከሁለቱ ቤት እየተመላለሰች ትኖራለች። እሑድ እንጀራና ሽሮ ተሸክማ ትወርዳለች፤ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ወደ ላይ ትመለሳለች። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስንቄን ተሸክሜ የመጣሁ ልጅ ስለሆንሁ ነገሩ አላስደነቀኝም። የከተማ ሰው ሆናለች ወይ ብዬ ብጠይቃት፥ «ልጄ፥ እኔ እዚህ የምወርደው ልጆቹን ላበላ ነው እንጂ ቤቴስ እዚያ ላይ ነው» አለችኝ።

ከከተማ ወደ ላይ የሚወጡትም አሉ። እነርሱ የመሬት ፈላጊዎች አይደሉም፤ መምህራን፥ ነርሶች፥ የግብርና ባለ ሙያዎች ናቸው። በቀበሌው ማእከል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አክስቴ ስለ አንዱ መምህር ስትናገር «የእኛ መምህር» ትለዋለች። የተወለደው በሌላ ወረዳ ነው። ግን ሰባት ዓመት አስተምሯል፤ በእድራቸው አለበት፤ በለቅሶም በሠርግም ይቆማል። «የእኛ» የተባለው በደብተር አይደለም።

ሸ. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ከውጭ መጥቶ መኖር በየዘመኑ ተችሏል። የገባው ግን በጕልበት፥ ወይም በገዥ ፈቃድ፥ ወይም በዘር፥ ወይም ለሕዝቡ በሚጠቅም ሥራ ነው። በጕልበት የገባው ባላገሩን አስርቦ ሄደ። በፈቃድ የገባው ፈቃዱ ሲያልቅ ፈረሰ። ዘር መቍጠር ዛሬ ለአብዛኞቻችን አይሆንም። የቀረው መንገድ ሥራ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሕጋዊ የኪራይ ውልና በጎረቤት መታመን መደገፍ አለበት።

ስለዚህ ወደ ገጠር ለመግባት የሚያስብ ጓደኛ፥ ቦታ ከመጠየቁ በፊት ሥራውን ይጠይቅ። አንድ ሙሉ ክረምት፥ መንገዱ በጭቃ ሲያዝ፥ እዚያው ሰንብቶ ይየው። የሚከራየው ማሳ ትናንት በማን በሬ ይታረስ እንደ ነበር፥ ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ ያጣራ። ማሳው ያለ አራሽ የቀረ የአቅመ ደካማ ወይም የመበለት ከሆነ፥ ኪራዩ ለሁለቱም ይጠቅማል። የተነቀለ ገበሬ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለአንባብያን አንድ ማሳሰቢያ ጨምሬ ልፈጽም። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በየዕረፍቱ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በወላጆቹ ቀበሌ ውስጥ ባለፉት አሥር ዓመታት ማን እንደ ገባ፥ ማን እንደ ወጣ፥ የገባውስ በምን ውል እንደ ገባ ጠይቆ ቢመዘግብ፥ ሥራው ከሁለት ሳምንት አያልፍም። መዝገቦቹ በአንድነት ሲነበቡ በዚህ ጽሑፍ በአንድ አገር ምሳሌ ብቻ የተነገረው ነገር በሌላውም አገር እውነት መሆን አለመሆኑ ይገለጣል። እኔም ለመጪው ክረምት ከጉና ሥር ካለችው የአክስቴ ቀበሌ ለመጀመር አስቤአለሁ።